አምፑሉ መብራቱ ምስክር አይሆንም

ከሁርሊንግሃም (ናይሮቢ) ለካምፑ አንባብያን የተላከ

"ሙያው እጄ ላይ ነው፤ ወረቀት ለስደተኛ ምን ይፈይድለታል?"

ይህች አነጋገር በካምፓችን ውስጥ ብዙ ዕድሜ ኖራለች። ሻይ ቤት ትነገራለች፤ የራሽን ሰልፍ ላይ ትነገራለች፤ ጄኔሬተር የሚጠግነው፥ ከቤት ወደ ቤት ሽቦ የሚስበው፥ ሶላር የሚገጥመው ወንድማችን ሁሉ አፉን አስለምዷታል። ሲሰሟት የኩራት ቃል ትመስላለች። እኛ ግን የሽንፈት ቃል ናት እንላለን። ይህም ጽሑፍ የተጻፈው ይህችን አነጋገር ለመሞገት ነው። የምንናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሙያ ምዘና፥ ማለትም "ትሬድ ቴስት" እያልን ስለምንጠራው ፈተና ነው። ይሁን እንጂ ግንበኛውም፥ በያጁም፥ ልብስ ሰፊዋም ስለ ራሳቸው እንደ ተጻፈ አድርገው ቢያነቡት አይሳሳቱም።

በመጀመሪያ ከዚህ የሚታየውን እናስረዳ። ሁርሊንግሃምን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቋታላችሁ፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉባት፥ በሙቭመንት ፓስ ለሕክምናና ለጉዳይ የመጣ የካምፕ ሰው አማርኛ ሰምቶ ልቡ የሚያርፍባት ሰፈር ናት። በአርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ አካባቢ ግቢያቸው ሰፊ የሆነ አሮጌ ቤቶች እየፈረሱ በምትካቸው ፎቅ ሲተከል ኖሯል። ፎቅ በተተከለ ቁጥር ኤሌክትሪክ ይዘረጋል። ግድግዳ የሚቦረቡረው፥ ቧንቧውን የሚቀብረው፥ ሽቦውን የሚጎትተው፥ ሶኬቱን የሚያስረው ሰው "ሄልፐር" ይባላል። ከእነዚህ ሄልፐሮች መካከል አገር ቤት ሳለ በሥሩ ሰው ያሠራ የነበረ ወገናችን አለ። ሥራው ሲያልቅ ግን ቦርዱን ፈትሾ፥ ቅጹን ሞልቶ ፊርማውን የሚያኖረው ሌላ ነው። ፈራሚው የፈራሚ ዋጋ ይቀበላል፤ ወገናችን የኪባሩዋ፥ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይዞ ወደ ማደሪያው ይሄዳል። ይጨመርልኝ ያለ እንደ ሆነ መልሱ አንድ ነው፤ "ወረቀትህ የታለ?"

እስቲ ፍረዱ። "ወረቀት ምንም አይፈይድም" የምትለዋ አነጋገር ማንን ጠቀመች? የእኛን ሰው ነው ወይስ የእኛን ሰው በግማሽ ዋጋ የሚያሠራውን? ባለሙያ ወረቀት የሌለው እንደ ሆነ ሙያው አይጠፋም፤ ሙያው ባለበት ይኖራል፥ ዋጋው ግን ወደ ሌላ ሰው ኪስ ይገባል። ይህን የተረዱ አሠሪዎች ስለ ወረቀት አስፈላጊነት ለወገናችን ይነግሩታል ብላችሁ አትጠብቁ።

ነገሩ የአሠሪ ፈቃድ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነበር። ሕጉም ይኸንኑ ይላል። የኬንያ የስደተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቶ በ2022 መባቻ ሥራ ላይ ውሏል። በአንቀጽ 28 ላይ፥ ዕውቅና የተሰጠው ስደተኛ ተቀጥሮ ወይም በግሉ የመሥራት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ሙያን በሚመለከት ግን የኬንያ ባለ ሥልጣን መሥሪያ ቤቶች የሚያውቁት የብቃት ማስረጃ መያዝን ያነሣል። ይህን ድንጋጌ አንብባችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። በካምፓችን ውስጥ ስለ መብት ብዙ ስብሰባ ተደርጓል፥ ብዙ አቤቱታ ተጽፏል፤ ይገባልም። ነገር ግን በሩን ያበጀው ሕግ ቁልፉን በዚያው በናቅነው ወረቀት ላይ እንዳንጠለጠለው ስንቶቻችን አስተውለናል? የሥራ ፈቃድ ማግኘት አሁንም ረጅም ደጅ ጥናት ያለበት ጉዳይ እንደ ሆነ አይጠፋንም። ደጅ የሚጠናው ግን ማስረጃ በእጁ ይዞ ሲሆንና ባዶ እጁን ሲሆን አንድ አይደለም።

በኬንያ የሙያ ምዘናውን የሚያካሂደው በአጭር ስሙ "ኒታ" የሚባለው ብሔራዊ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለ ሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተሻሻለው የኢንዱስትሪ ሥልጠና ሕግ የተቋቋመ ሲሆን ከዚያ በፊት ሥራው በኢንዱስትሪ ሥልጠና ዳይሬክቶሬት እጅ ነበር። ትሬድ ቴስት ሦስት ደረጃ አለው፤ የመግቢያው ግሬድ 3 ነው፥ ቀጥሎ ግሬድ 2፥ የላይኛው ግሬድ 1። ይህ አንድ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን የሚሰጠው "ኤፕራ" የተባለው፥ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የኢነርጂ ሕግ የተቋቋመው የኢነርጂና የነዳጅ ተቆጣጣሪ ባለ ሥልጣን ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ለሁርሊንግሃም ጎረቤት በሆነችው በአፐር ሂል ነው። ፈቃዱ ከታችኛው ሲ-2 እስከ ላይኛው ኤ-1 ይወጣል። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ትሬድ ቴስት "ይህ ሰው ሥራውን ይችላል" ይላል፤ ፈቃዱ "ይህ ሰው በኃላፊነት ይፈርም" ይላል። ከፈራሚነት ለመድረስ መጀመሪያ ቻይነትን ማስመስከር ያስፈልጋል።

"ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ጣጣ ነው፤ ባገራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም" የሚል ወገን ካለ አገሩን ከለቀቀ ቆይቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ተግባረ ዕድ ከተከፈተ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ወዲህ ደግሞ ሕዝቡ "ሲኦሲ" እያለ የሚጠራው የብቃት ምዘና አለ። ኮሌጅ የተማረም፥ ከጌታው ሥር ሆኖ የተማረም በዚያው ሚዛን ላይ ይወጣል። እንግዲህ ምዘና ከእኛ የራቀ ነገር አይደለም፤ እኛ ነን ከምዘና የራቅነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንመለስ። ሦስት ዓይነት ናቸው። ሁሉንም በየተራ እንመልሳለን።

የመጀመሪያዎቹ የተከበሩት አንጋፋ ባለሙያዎች ናቸው። "ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የዘረጋሁት መብራት ሁሉ በርቷል። የትናንት ልጅ ነው እኔን የሚመዝነኝ?" ይላሉ። ጋሼ፥ ሃያ ዓመትዎን እናከብራለን። በዚህ ካምፕ ውስጥ ከእርስዎ ያልተማረ ወጣት የለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅዎ፤ መብራቱ መብራቱ ሥራው ትክክል ለመሆኑ ምስክር ይሆናል?

ለመልሱ የኬንያን የሶኬት መስመር እንውሰድ። እኛ አገር የለመድነው ከቦርድ ተነሥቶ የመጨረሻው ሶኬት ላይ የሚቆም መስመር ነው። እዚህ ከእንግሊዝ የተወረሰ "ሪንግ" የሚባል አዘረጋግ አለ፤ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከቦርድ ተነሥቶ ሶኬቶቹን ሁሉ ዞሮ ተመልሶ እዚያው ቦርድ ይገባል፤ በ32 አምፔር ብሬከርም ይጠበቃል። ኃይሉ በሁለት አቅጣጫ ስለሚመጣ ሽቦው ጭነቱን ይካፈላል። አሁን ከአንድ ሶኬት ጀርባ አንዲት ሽቦ ላልታ ወጣች እንበል። ምን ይሆናል? ምንም! ሶኬቶቹ ሁሉ ይሠራሉ። ሬዲዮው ይዘፍናል፤ ካውያው ይሞቃል፤ የቤቱ ባለቤት አመስግኖ ይከፍላል። ነገር ግን ክቡ ተቆርጧልና ጭነቱ ሁሉ በአንድ ወገን ይሄዳል። የዚያ ሽቦ አቅም እንደ አቀማመጡ ከ20 እስከ 27 አምፔር ግድም ነው፤ ብሬከሩ ግን እስከ 32 ድረስ ዝም ይላል። ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እየጋለ፥ ልባሱ እየቀለጠ፥ ጠባቂው ተኝቷል። ከዓመት በኋላ ሌሊት ቤቱ ሲቃጠል "ኤሌክትሪክ ነው" ይባላል። ኤሌክትሪክ ምን አጠፋ? ያጠፋው "በርቷል፥ በቃ" ያለው ሰው ነው።

ይህን ጥፋት በዓይን ማየት አይቻልም። የሚገኘው በመለካት ብቻ ነው። ኃይል ተቋርጦ፥ የክቡ ሁለት ጫፎች ከቦርዱ ተፈትተው፥ ከጫፍ እስከ ጫፍ በኦም መለኪያ ይለካል። የ2.5 ካሬ የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር 7.41 ሚሊ ኦም ነው፤ ክቡ 50 ሜትር ከሆነ 0.37 ኦም ግድም ይነበባል። መለኪያው ምንም ካላነበበ ክቡ ተቆርጧል። ጋሼ፥ መዛኙ የሚጠይቅዎ ይህን ነው። የሚጠይቅዎም እርስዎን ለማዋረድ አይደለም፤ የሃያ ዓመት ልምድ ይህችን ሽቦ ሊያያት ስለማይችል ነው።

ሁለተኛ ምሳሌ፤ ናይሮቢ ውስጥ ውኃ እዚያው ራሱ ላይ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ሻወር የተለመደ ነው። አንዱ 5500 ዋት ነው እንበል። በ240 ቮልት ሲካፈል 22.9 አምፔር ይሆናል። ይህን ከአጠገቡ ካለው የሶኬት ወይም የመብራት ሽቦ ላይ ቀጥሎ የሚሄድ ሰው አይታጣም። ሻወሩ ይሠራል፤ ውኃው ይሞቃል። መዛኙ ግን ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ጭነቱ ስንት አምፔር ነው? ብሬከሩስ? ሽቦውስ? ሕጉ አጭር ነው፤ ጭነቱ ከብሬከሩ አይብለጥ፥ ብሬከሩ ከሽቦው አቅም አይብለጥ። ሻወር የራሱ መስመር፥ የራሱ ብሬከርና አስተማማኝ ኧርዝ ይፈልጋል። ስለምን? ሰውየው ራቁቱን፥ እርጥቡን፥ ባዶ እግሩን ነው የቆመው። እርጥብ ገላ 1000 ኦም ያህል ቢሆን በ240 ቮልት 240 ሚሊ አምፔር ያልፍበታል። የሰው ሕይወት ጠባቂ የሆነው አር.ሲ.ዲ. እንዲቆርጥ የሚደረገው በ30 ሚሊ አምፔር ነው። ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ የማያውቅ ሰው ስንት ሻወር ቢገጥም ምን ያኮራዋል?

"ኤሌክትሪክ ያልያዘው ኤሌክትሪሺያን አይባልም" እየተባለ በካምፓችን የሚነገረውንም ፉከራ እዚሁ ላይ እንቅበረው። በጣት ጀርባ ነክቶ ኃይል መኖሩን ማወቅ ጀግንነት አይደለም። ኒዮን ያላትን ካቻቢቴ ሰክቶ "አልበራችም፥ ኃይል የለም" ማለትም ማስረጃ አይደለም፤ ያቺ መብራት ተበላሽታስ እንደሆነ? ትክክለኛው ሥርዓት ይህ ነው፤ መስመሩን ለይ፤ አጥፋ፤ ማንም እንዳያበራው ቆልፍና ምልክት አንጠልጥል፤ መለኪያህን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በምታውቀው ቦታ ሞክር፤ ከዚያ በምትሠራበት ላይ ፌዝና ኑትራልን፥ ፌዝና ኧርዝን፥ ኑትራልና ኧርዝን ለካ፤ በመጨረሻ መለኪያህን ተመልሰህ ኃይል ባለበት ሞክር። የመጨረሻዋ ነገር ለብዙ ሰው ትርፍ ትመስለዋለች። ነገር ግን መለኪያው በመሃል ሞቶ ቢሆን የምትናገረው እሷ ብቻ ናት። ይህን ቅደም ተከተል ያፋለሰ ተመዛኝ የቀረው ሥራው ያማረ ቢሆን እንኳ በመዛኙ ዓይን አደገኛ ሰው ነው።

ስለ አንጋፎቹ አንድ ነገር እንጨምር፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ በሙያ ጉድለት አይወድቁም፥ በቃል ነው የሚወድቁት። የእኛ የኤሌክትሪክ ሥራ ቃላት ከጣሊያን የቀሩ ናቸው። ስካቶላ፥ ናስትሮ፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ እንላለን። መዛኙ "ጁንክሽን ቦክስ" ሲል ስካቶላን ማለቱ ነው፤ "ኢንሱሌቲንግ ቴፕ" ሲል ናስትሮን ማለቱ ነው፤ "ስክሪውድራይቨር" ሲል ካቻቢቴን፥ "ፕላየርስ" ሲል ፒንሳን ማለቱ ነው። ዕድሜ ልኩን ስካቶላ ያሰረ ሰው "ጁንክሽን ቦክስ የት ታደርጋለህ?" ሲባል ዝም ብሎ ቢወድቅ ያሳፍራል፤ የሚያሳፍረው ግን እሱን አይደለም፥ አንድ ገጽ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተን ያልሰጠነውን እኛን ነው። ቀለምም እንዲሁ ነው። በአሮጌው የእንግሊዝ ሥርዓት ቀይ ፌዝ፥ ጥቁር ኑትራል ነበር፤ በአዲሱ ቡናማ ፌዝ፥ ሰማያዊ ኑትራል ነው። ሦስት ፌዝ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዱሮ ሰማያዊ ፌዝ ነበር፥ አሁን ኑትራል ሆነ፤ ዱሮ ጥቁር ኑትራል ነበር፥ አሁን ፌዝ ሆነ። አሮጌና አዲስ ቤት ጎን ለጎን በቆሙበት እንደ ሁርሊንግሃም ባለ ሰፈር ይህን ያላወቀ ሰው በራሱ ሕይወት ይቀልዳል።

ሁለተኞቹ ተቃዋሚዎቻችን ነጋዴዎች ናቸው። "ጥያቄው በእጃችን ነው፤ ይህን ያህል ሽልንግ አምጣ" ይላሉ። ከዚህም የባሱት "መፈተን ምን አስፈለገህ? ወረቀቱን ራሱን እናመጣልሃለን" ይላሉ። ለእነዚህ ሰዎች ትሕትና የለንም። የጥያቄ ሻጭ የሚሸጠው ያለፈ ፈተና መልስ ነው። መዛኙ ግን ከፊትህ ቆሞ "ለምን?" ይላል። "ለመብራት 1.5 ካሬ፥ ለሶኬት 2.5 ካሬ" ብለህ የሸመደድከውን ትደግማለህ፤ "ለምን?" ሲልህ ግን የገዛኸው ወረቀት መልስ የለውም። ሐሰተኛውን ወረቀት የገዛው ደግሞ ሦስት ጊዜ ይከስራል፤ ገንዘቡን ያጣል፤ የተያዘ ቀን ስደተኛ ሆኖ በሐሰተኛ ሰነድ መከሰስ ምን ማለት እንደ ሆነ ያያል፤ ሳይያዝ የቀረ እንደ ሆነም አንድ ቀን የሰው ልጅ በእሱ ሽቦ ይሞታል። ከእሱ በኋላ እውነተኛ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ወገኑም በጥርጣሬ ዓይን ይታያል። ለአንድ ሰው የሚሸጥ ሐሰት የሁላችንን እውነት ያረክሳል።

ሦስተኞቹ በቁጥር የሚበልጡት ናቸው፤ ጠባቂዎቹ። "ፕሮሰስ ላይ ነኝ፤ ውጭ ስሄድ እማራለሁ" ይላሉ። በዚህ ካምፕ ውስጥ "ፕሮሰስ ላይ ነኝ" ሲል ጸጉሩ የሸበተ ሰው ሁላችንም እናውቃለን፤ አንስቅበትም፥ ያሳዝነናልና። ነገር ግን እንጠይቅ፤ የምትሄድበት አገር ወረቀት አይጠይቅም ያለህ ማነው? አውስትራሊያ በሙያው ልግባ ያለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሙያ ምዘና እንዲያልፍ ታደርጋለች፤ የሥራ ልምዱን በማስረጃ፥ ዕውቀቱን በቃል ጥያቄ፥ እጁን በተግባር ትፈትሻለች፤ ከዚያ በኋላም የየክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ይጠብቀዋል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2018 በሙያቸው ተመርጠው ለሚሄዱ ስደተኞች የሙከራ መንገድ ስትከፍት ከጀመረችባቸው አገሮች አንዷ ኬንያ ነበረች። ያ መንገድ የሚጠይቀው ምን ነበር? ሙያና የሥራ ልምድ። "የሠራሁባቸው ዓመታት አሉ" ብሎ መናገር ለሁሉም ቀላል ነው፤ የሠራበትን ቀን፥ ቦታና ዓይነት በደብተር ይዞ የቀረበ ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ እዚህ የተዘጋጀ ሰው ቢሄድም ተጠቀመ፥ ቢቀርም ተጠቀመ። ያልተዘጋጀ ሰው ቢሄድ እዚያም ሄልፐር ነው።

የሚነሡብንን ቅሬታዎች ግን አንሸሻቸውም። ክፍያው ለስደተኛ ከባድ ነው፤ እውነት ነው። ካኩማ ያለ ሰው ለጉዳዩ ናይሮቢ ልሂድ ቢል መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፥ ያውም የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል፤ እውነት ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ እውነት ነው። ሥልጠና የሚሰጡ ድርጅቶች አዲስ ጀማሪን ሲያሠለጥኑ ለአንጋፋው የሚሆን መንገድ ሲያዘጋጁ ብዙም አይታዩም፤ ይህም እውነት ነው። ኬንያ ከትምህርት ቤት ውጭ የተገኘ ሙያ በምዘና የሚታወቅበትን ሥርዓት ዘርግታለች፤ እኛም ያ ሥርዓት ከካምፑ አጥር እንዲገባ መጠየቅ አለብን። መዛኞች ወደ ካምፑ እንዲመጡ፥ የተግባር መለማመጃና መለኪያ እንዲቀርብ፥ የቃላት መፍቻ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም እንዲታተም፥ ክፍያው እንዲሸፈን እንጠይቅ። ነገር ግን ማን ነው የሚጠይቀው? "ወረቀት አይፈይድም" የሚል ሕዝብ ስለ ወረቀት ምን ብሎ ይጠይቃል? መጀመሪያ መፈለጋችንን እናሳይ። ሃምሳ ሰው ስሙን ጽፎ፥ ተዘጋጅቶ፥ "መዝኑን" ብሎ ሲቆምና ሃምሳ ሰው በየሻይ ቤቱ ሲያማርር አንድ ዓይነት መልስ አያገኙም።

ዝግጅቱስ እንዴት ይሁን? አምስት ስድስት ሆናችሁ የጥናት ክበብ አቋቁሙ። አንድ ጣውላ ፈልጉ፤ በላዩ ላይ ትንሽ ቦርድ፥ ሁለት መብራት በሁለት ቦታ የሚበራ ማብሪያ፥ ሦስት ሶኬት በሪንግ ዘርጉበት። ኃይል ማብራት የለባችሁም፤ የምዘናው ትልቁ ክፍል ኃይል ሳይኖር የሚደረግ ፍተሻ ነውና ተራ መልቲሜትር ይበቃችኋል። ቅደም ተከተሉን በቃላችሁ ሳይሆን በምክንያቱ ያዙት። መጀመሪያ የኧርዙ መስመር ያልተቋረጠ መሆኑ ይለካል፤ ኧርዝ ከሌለ የቀረው ጥበቃ ሁሉ ከንቱ ነውና። ከዚያ የሪንጉ ክብ። ከዚያ ልባሱ በ500 ቮልት መለኪያ ይፈተሻል፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካነበበ አይታለፍም፤ አምፑልና የተሰካ ዕቃ አስቀድሞ ይነቀላል። ከዚያ ማብሪያው ፌዙን እንጂ ኑትራሉን እንዳልቆረጠ ይረጋገጣል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ኃይል የሚለቀቀው፤ ኃይል ከተለቀቀ በኋላ የኧርዝ ዙሩና አር.ሲ.ዲ.ው ይፈተሻሉ። ሜገር የሌለው ክበብ ያለውን ፈልጎ አንድ ቀን ይዋስ።

ከዚህ በላይ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ በየሳምንቱ አንዱ መዛኝ ይሁን፥ ሌላው ተመዛኝ። መዛኙ በተራው ጣውላው ላይ ተደብቆ አንድ ጥፋት ይሥራ፤ ሽቦ ያላላ፥ ኑትራልና ፌዝ ያቀያይር፥ ኧርዝ ይፍታ። ተመዛኙ ለክቶ ያግኘው። ሲያገኘውም በእንግሊዝኛ ያስረዳ፤ ቢኮላተፍም ያስረዳ። አንጋፋው ለወጣቱ እጅ ይስጠው፥ ወጣቱ ለአንጋፋው እንግሊዝኛ ይስጠው። እህቶቻችንም በክበቡ ይግቡ፤ ለኤሌክትሪክ ጾታ የለውም። እያንዳንዱም ደብተር ይያዝ፤ የሠራው ሥራ፥ ቀኑ፥ ቦታው፥ የተጠቀመው ሽቦና ብሬከር፥ ያሠራው ሰው ፊርማ ይጻፍበት። የጄኔሬተር መስመርም ሥራ ነው፥ የሶላርም ሥራ ነው፤ ይጻፍ።

በዚህ በሁርሊንግሃም የሚያልፈው መንገድ ስለ ተሰየመለት ሰው ጥቂት ተናግረን እንጨርስ። አርግዊንግስ ኮዴክ ከመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን የኬንያ ጠበቆች አንዱ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሕግ ተምሮ ሲመለስ የቅኝ አገዛዙ መንግሥት ለአፍሪካዊ ጠበቃ ከነጩ እጅግ ያነሰ ደመወዝ ነበር የሚከፍለው። እንቢ አለ። የራሱን ቢሮ ከፍቶ በማኡ ማኡ የተከሰሱትን ሰዎች ተከላከለ። እ.ኤ.አ. በጥር 1969 በዚህችው ሰፈር በሚያልፈው መንገድ ላይ ሕይወቱ አለፈ፤ መንገዱም በስሙ ተጠራ። ከእሱ ታሪክ የምንወስደው አንድ ነገር ነው። ያን ሰው "እንቢ" ለማለት ያስቻለው ድፍረቱ ብቻ አልነበረም፤ ማንም ሊነጥቀው የማይችል የሙያ ማስረጃ በእጁ ነበረ። ማስረጃ የሌለው ሰው ያነሰ ዋጋ ሲሰጡት እንቢ ቢል የሚሄድበት የለውም።

ቤታችንን ተነጥቀናል፤ ከካምፕ ወደ ካምፕ ስንዛወር ዕቃችንን ጥለናል። ያወቅነውንና የተመሰከረልንን ግን ይዘነው እንሄዳለን። ስለዚህ ጋሼም፥ ወንድሜም፥ እህቴም፥ በየሻይ ቤቱ "ወረቀት ምን ይፈይዳል?" የሚል ሰው በሰማችሁ ጊዜ ክርክር አታብዙበት። "አንተ የዘረጋኸው ሪንግ ያልተቆረጠ መሆኑን በምን አወቅህ?" ብላችሁ ጠይቁት። "ሶኬቱ ይሠራል" ካላችሁ ወደ ጥናት ክበቡ ጥሩት፤ ጣውላውንና መለኪያውንም አቅርቡለት።